የሚጮኸው ብረት

አጎቴ ዒላማ ያቆምልን የነበረው ቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ በጠሩበት በዚያ ሰፊ ሜዳ ዳር ነበር። ገብሱ ሲያሸት ወፍና ዝንጀሮ የምንጠብቀው እኛ ልጆች ስለነበርን፣ በወንጭፍ አልሞ መምታት ጨዋታም ሥራም ነበረ።

የዒላማው ማቆሚያ ወጪ አልነበረበትም። ሦስት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨቶች አናታቸው ላይ በጠፍር ይታሰራሉ፤ እግራቸው ሲከፈት ይቆማሉ፣ ሲገጥም በትከሻ ይያዛሉ። ከመካከላቸው እጀታው የተሰበረ አካፋ ይንጠለጠላል። አጎቴ ብረቱን ቀጥ አድርጎ አይሰቅለውም፤ ፊቱን ጥቂት ወደ መሬት ያዘነብለዋል።

«ድንጋዩ እዚያው እግሩ ሥር ይውደቅ እንጂ ወደ ወርዋሪው አይመለስ» ይለን ነበር።

ስንመታው እንደ ትምህርት ቤት ደወል ይጮኻል። ያ ጩኸት ሽልማታችን ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። በዓመቱ፣ ለእኅቴ ልጅ ያንኑ ዒላማ ሠራሁለት። የመጀመሪያዋን ድንጋይ እኔው ወረወርኩ። ብረቱ ሲጮኽ ልጁ ጆሮዎቹን ይዞ መሬት ላይ ተደፋ…

በራሴ አፈርኩ። አካፋውን አውርጄ ጭድ የሞላሁበትን የማዳበሪያ ከረጢት ሰቀልኩ። ሲመታ «ዱብ» ብቻ ይል ነበር። ልጁ በየቀኑ ወረወረ፤ እጁም እየቀና ሄደ። አካፋው ከግድግዳው ተደግፎ ክረምቱን አሳለፈ።

አንድ ቀን ማንም የሚያየው ሳይመስለው ጠጋ አለና፣ በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ብረቱን ኳ አደረገው። ጆሮውንም አስጠግቶ አዳመጠ።