ከነቀምቴ እስከ አዋሽ በረሃ፤ በመኪናና በእግር

በቀድሞው ዘመን በወለጋ ገበያዎች አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር። ይህ አሞሌ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ከደናክል የጨው ሜዳ ተፈልጦና ተጠርቦ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣና ከገበያ ወደ ገበያ እየተላለፈ እስከ ሌቃ ነቀምቴ ይደርስ ነበር። ነጋዴውም በምላሹ ወርቅና ቡና፣ ማርና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይመለስ ነበር። እንግዲህ የለምለሙ የወለጋ ምድር ሕዝብ በረሃውን በዓይኑ ሳያየው ከበረሃው የመጣውን ጨው በየቤቱ ሲቀምስ ኖሯል ማለት ነው። የግመሉ ቅፍለትም ያን አስጨናቂ ሜዳ የሚሻገረው ጐዳናውንና ውኃውን የሚያውቅ ሰው ፊት ፊት እየመራው ነበር።

ዛሬ የራሱ መኪና ያለው፣ ወይም ከዘመድ ጋር ተባብሮ መኪና የሚከራይ ቤተሰብ ያን መንገድ ወደ ኋላ ተከትሎ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ወርዶ በረሃውን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። እኛም ይህን ጉዞ ከነቀምቴ ተነሥተን እስከ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አድርገነዋልና፣ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ያህል ለክቡራን አንባብያን ልናካፍል ወደድን። አስቀድመን የምንናገረው አንድ ነገር አለ። መኪና ሰውን እስከ በረሃው ደጃፍ ያደርሰዋል፤ ከደጃፉ ወዲያ ግን በእግር፣ ያውም በመሪ ካልሆነ በቀር፣ በረሃው አይታወቅም፤ ያለ መሪ የገባበትንም ሰው ነፍሱን ሊያስከፍለው ይችላል።

ከኑኑ ቁምባም ሆነ ከአርጆ፣ ከጊምቢም ሆነ ከደምቢ ዶሎ የሚነሣ ቤተሰብ ሁሉ በስተ መጨረሻ የሚገናኘው ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በዋናው መንገድ ላይ ነው። ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሲሬን፣ ባኮን፣ ጌዶን፣ ጉደርን፣ አምቦንና ጊንጪን እያለፉ ሲሄዱ ሌላ ሌላ መልክ ያለው አገር ይታያል። ባኮ ሞቃት ነው፤ ጌዶ ግን ብርድ ነው። አዲስ ዓለም ሲደርሱ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጉት አስበውት በነበረው ስፍራ ላይ በደብረ ጽዮን ማርያም ደጅ ወርዶ ተሳልሞ ማለፍ፣ ለሕፃናቱም የቦታውን ታሪክ መንገር ለጉዞው በረከት ነው። ይህን መንገድ በአንድ ቀን ጨርሶ ወደ ቆላው ለመውረድ መቸኰል አይገባም። አዲስ አበባ ወይም አዳማ አድሮ፣ ነጂውም ዐርፎ፣ በማግሥቱ መቀጠል ይሻላል።

ከአዲስ አበባ እስከ ፓርኩ ደግሞ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዳማ ወዲያ ወለንጪቲን አልፎ ወደ መተሐራ ሲቀርቡ አገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናሟም የበዛ ከተማ ስትሆን፣ የአዋሽ ሜዳ ግን ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ያለና በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ብቻ የሚያገኝ ደረቅ ምድር ነው። በመንገዱ ዳር የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከፈንታሌ ተራራ ሥር የፈሰሰ እሳት ቀዝቅዞ የቀረ ነው። ከዚያው አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ከስድሳ ዓመት በፊት ትንሽ ነበር፤ ዛሬ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተስፋፍቷል። ውኃው ጨዋማ ስለ ሆነ ለእርሻም ለመጠጥም አልጠቀመም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው መፈናቀሉን አንባብያን ታስታውሳላችሁ። ይህ ምድር ገና ያልበረደ መሆኑን መንገደኛ ሁሉ ሊያውቅ ይገባል።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከበሩ ላይ ክፍያ ተከፍሎ፣ መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ስካውት ከእንግዶች ጋር ይሄዳል። በመኪና እየተዘዋወሩ የኢላላ ሳላን ሜዳ ማየት ይቻላል። ስሙን ከወረሰችው ከሳላ ጋርም ዓይን ለዓይን መተያየት ይቻላል። ሳላ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንዶች ያሏት፣ ውኃ ሳትጠጣ ብዙ ቀን የምትቆይ የበረሃ እንስሳ ናት። ነገር ግን ከመኪናው መስኮት ያየናት ሳላ ሥዕል እንደ ማየት ነበረች። የሞተሩ ድምፅ በሰማች ጊዜ ሸሸች፤ አቧራውም ሸፈናት።

እውነተኛው ትምህርት የመጣው በማግሥቱ ጥዋት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መኪናውን በጥላ ሥር አቁመን፣ በስካውቱና ከከረዩ ወገን በሆኑ በአንድ አዛውንት መሪነት በእግር ተነሣን። በዚህ ጊዜ ያልጠበቅነው ደስታ ገጠመን። ከረዩዎች በፈንታሌና በመተሐራ ዙሪያ ግመልና ከብት እያረቡ የሚኖሩ የኦሮሞ ወገኖች ናቸውና፣ ከመካከላችን ያሉት የወለጋ ልጆች «አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ» ብለው በአፋቸው ቋንቋ ቢያነጋግሯቸው ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ እንደ ገዛ ልጆቻቸውም ያዟቸው። አነጋገሩ በጥቂቱ ቢለያይም ውኃ በነቀምቴም «ቢሻን» ነው፣ በፈንታሌም «ቢሻን» ነው። አንዱ ወገን ዝናም የማያቋርጥበት ደጋ ሲኖር፣ ሌላው አንዲት ጠብታ የሚቆጥርበት ቆላ ሲኖር፣ የውኃው ስም ግን አንድ ሆኖ ቀርቷል።

ሽማግሌው በዝግታ ይሄዱ ነበር። ጥቂት ሄደው ይቆማሉ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያያሉ፤ ወደ መሬት ጐንበስ ብለው ዱካ ያሳያሉ። ይህ የከርከሮ ነው፣ ይህ የጅብ ነው፣ ይህች ደግሞ ዛሬ ሌሊት ያለፈች ሳላ ናት ይላሉ። እኛ ባዶ አሸዋ ነው ያልነው መሬት ለእርሳቸው የተጻፈ ነገር ያለበት ገጽ ሆኖ ይነበባቸው ነበር። ወደ ፍልውኃው ስንደርስ ከደረቁ ሜዳ መካከል ዘንባባ በቅሎ፣ ከምድር ውስጥ ትኩስ ውኃ ጠርቶ ሲወጣ አየን። ከልጆቹ አንዱ ወደ ታችኛው ኩሬ ለመውረድ ቢጣደፍ፣ ሽማግሌው ክንዱን ይዘው መለሱት። አዞ የሚገኝበት ውኃ ነውና። ያ ልጅ ወንዝ የሚያውቀው በወለጋ በተማረው ልማድ ነበር፤ የዚህን አገር ውኃ ጠባይ ግን አያውቅም። መሪ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 የተጻፈውን በዚያ ቦታ አስታወስን። እስራኤል በበረሃ ሲጓዙ በቀን የደመና ዐምድ፣ በሌሊት የእሳት ዐምድ ይመራቸው ነበር። እንዲህም ሆኖ ሳለ ሙሴ የራጉኤልን ልጅ ኦባብን፣ የበረሃውን ማደሪያ ሁሉ የሚያውቅ ሰው ስለ ሆነ፣ ከእነርሱ እንዳይለይ አጥብቆ ለመነው። የእግዚአብሔር ምሪት የሰውን ዕውቀት አያስንቅም፤ ነቢዩ እንኳ የአገሩን ባላገር «ምራን» ከማለት አላፈረም። እንግዲያስ ጥሩ መኪና ስላለው ብቻ «መንገዱን እኔ አውቃለሁ» የሚል ሰው በማን ይመካል?

ስለ በረሃም አባቶቻችን የተዉልን ቃል አለ። በግእዝ «ገዳም» ማለት ዱር፣ ምድረ በዳ ማለት ነው። ጥር 22 ቀን በዓሉ የሚታሰብለት አባ እንጦንስ ወደ ግብፅ በረሃ ወጥቶ የምንኵስና አባት ሆነ። በመኪና መስኮት የሚታይ በረሃ ይህን ለልጆች አያስረዳም። በእግሩ ሦስት ሰዓት የሄደ፣ ጥማት ምን እንደ ሆነ የቀመሰ፣ የጥላን ዋጋ ያወቀ ልጅ ግን ከዚያ በኋላ የአባቶችን ገድል ሲሰማ ልብ ብሎ ይሰማል።

ይህ መኪናንና የተመራ የእግር ጉዞን የማጣመር ልማድ በሌላውም ዓለም አለ። በደቡባዊ አፍሪካ ባለችው በናሚቢያ፣ እንግዳው መኪና ተከራይቶ ረጅሙን የጠጠር መንገድ ራሱ እየነዳ ይሄዳል። ወደ ናሚብ በረሃ ሲደርስም መኪናውን ትቶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከመሪ ጋር በእግር ይጓዛል፤ ሌሊቱንም በከዋክብት ሥር ያድራል። በዚያ ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው የአሸዋ ኮረብቶች አሉ። ከባሕር የሚመጣውን ጉም በጀርባዋ አጠራቅማ የምትጠጣ ጥንዚዛም አለች። ጥንዚዛዋን በመኪና ሆኖ ማየት አይቻልም፤ መሪው ተንበርክኮ ሲያሳይ ግን ትታያለች። በዚያ አገር የታወቀው የመንገደኛ ደንብ ለእኛም ይጠቅማል፤ ይኸውም አራዊትና ከብት ወደ መንገድ ስለሚወጡ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አለመንዳት ነው።

ወደ ደናክልና ወደ ኤርታሌ መውረድ የሚመኙም አሉ። ያ ግን ለአንድ ቤተሰብ መኪና ብቻውን የሚሆን መንገድ አይደለም። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በዚያው በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈንድቶ አመዱ ባሕር ተሻግሮ ሄዷል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከብዙ መኪኖችና ከአገሩ መሪዎች ጋር፣ በአካባቢው መስተዳድር ፈቃድ ሊሄድ ይገባዋል። በወለጋም ሆነ በሌላው ክፍል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰላም በደፈረሰባቸው ስፍራዎች ብዙ ቤተሰብ መከራ አይቷል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት፣ በየደረሱበት ከተማም፣ የመንገዱን ጸጥታ ጠይቆ ማለፍ፣ ካልሆነም ጉዞውን ማስተላለፍ ከብልህ ሰው የሚጠበቅ ነው።

አሁን ለሚነሡ ቤተሰቦች ጥቂት ምክር እንጨምር። የጉዞው ወራት ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ቢሆን መልካም ነው፤ አየሩም ይቀዘቅዛል፣ ከረቡዕና ከዓርብ፣ ከጥምቀት ገሃድና ከሦስቱ የጾመ ነነዌ ቀናት በቀር ጾም አይኖርም። በዐቢይ ጾም ቆላው እየጋለ ይሄዳልና፣ ውኃ ሳይቀምሱ ውሎ በበረሃ መሄድ አደገኛ ነው። ግዴታ የያዘው ሰው የንስሐ አባቱን አማክሮ ይሂድ። ለአንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይያዝ፤ ለራዲያተሩም ሌላ ጀሪካን ለብቻው ይቀመጥ። ተጠባባቂ ጎማና ክሪክ ከመነሻው ይመርመሩ። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በሙቀት አይበላሹም። የእግር ጉዞው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ከጥዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይፈጸም። ከተጓዦች አንዱ ራሱን ቢያመው፣ ላቡ ቢቋረጥ፣ ንግግሩ ቢዘበራረቅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጥላ አግብቶ፣ በውኃ አቀዝቅዞ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

ስለ መሪው ዋጋም አንድ ቃል እንናገር። ፓርኩና የሸንኮራ አገዳው እርሻ በተቋቋሙ ጊዜ ከረዩዎች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ከነበረው መሬት ብዙ አጥተዋል። ዛሬ በዚያ የምንጓዝ እንግዶች የምንረግጠው የእነርሱ የአባቶቻቸውን መሰማሪያ ነው። የመሪነቱን ዋጋ ሳይጐድል፣ ሳይከራከሩም መክፈል፣ ሳይፈቅዱ ፎቶግራፋቸውን አለማንሣት፣ በጥላቸው ሲቀመጡም ሰላምታ መስጠት ይገባል። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ እንግዳ የተቀበለ አባት ነው። እኛም ተቀባይ ባንሆን እንኳ ጨዋ እንግዶች መሆን እንችላለን።

ቤተሰብ ሁሉ መኪና ሲያገኝ ሩቅ መሄድን ይመኛል። ከመሄዱ ጋር ማቆምንም ይማር። መኪናውን በጥላ ሥር አቁሞ፣ ቁልፉን በኪሱ ከትቶ፣ ልጆቹን ከአገሩ ሽማግሌ በስተ ኋላ በሰልፍ አስከትሎ በዝግታ የሚሄድ አባት፣ አገርን ከማሳየቱ በላይ ለሚያውቅ ሰው መታዘዝን ያስተምራቸዋል። ይህም ትምህርት ወደ ነቀምቴ፣ ወደ አርጆ፣ ወደ ኑኑ ቁምባ ሲመለሱ አብሯቸው የሚገባ ስንቅ ነው። እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና።