ሳነቴ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር

ከሮቤ ጎባ ቅርብ ነው፤ ግራና ቀኙን የስንዴ ማሳ ሲያዩ ሳይጠግቡት ይደርሳሉ። ከጎባ በላይ ግን መንገዱ ሽቅብ ነው። የአስታው ቁጥቋጦ እያጠረ ሄዶ ያልቅና ሳነቴ ይዘረጋል፦ ከ4,000 ሜትር በላይ የተነጠፈ ሜዳ፣ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ጅብራ፣ ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ የምትጠብቅ ቀይ ቀበሮ። ፍቅር ያዘኝ፤ ምን ልበል።

ፎቶ ላነሳ ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ ደረቴ ጠበበኝ። «ቀስ ይበሉ ጋሼ፤ እዚህ የሚሮጥ ፈረስ ብቻ ነው» አለኝ ሾፌራችን፣ የጎባ ልጅ። አፉን ሳይገጥም አንድ እረኛ ከብቶቹን እየጠራ ዳገቱን በሩጫ አለፈን።

ሰው እዚህ ከፍታ ላይ መኖር የጀመረው ዛሬ አይደለም። እዚሁ ባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። የዛሬውን ደገኛ ደግሞ የዘረመል ተመራማሪዎች መርምረውታል። ከባሌ ሰዎችና በሰሜን ተራሮች ጨነቅ ከተባለ ስፍራ ሰዎች ደም ተወስዶ ዘረመላቸው ተነበበና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። በተከታዩ ዓመት የካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ደገኞች ዘረመል ውስጥ ኢንዶቴሊን ቢ ተቀባይ የሚባለውን ለይተው አወጡ። ከዚህ ዘረመል ሁለት ቅጂ አንዱ ብቻ የቀረላቸውን አይጦች 5 በመቶ ኦክስጅን ባለው አየር ውስጥ ሲያስገቧቸው በደንብ ቻሉት። እኛ የምንተነፍሰው 21 በመቶ ነው።

ልቤን የሰቀለው ቀጥሎ ያለው ነው። ኢንዶቴሊን እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓን ውስጥ የተገኘ፣ ከ21 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፔፕታይድ ነው፤ የደም ሥር ያጠብባል። ከእሱ ተቀንሶ የተሠራ ሶቫቴልታይድ የተባለ ፔፕታይድ ደግሞ ያንኑ ቢ ተቀባይ ይቀሰቅሳል። አብዛኛው ስትሮክ የሚመጣው ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ተዘግቶ ነው፤ የአንጎል ሴሎች ኦክስጅን ያጣሉ። ሶቫቴልታይድ እነሱን እንዲጠብቅና እንዲጠግን የታሰበ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቅዳለች።

ታዲያ የባሌ ሰው መድኃኒቱን በደሙ ይዞታል ብዬ ልጽፍ እጄን በላኝ። አይሆንም። በአይጦቹ የረዳው ተቀባዩ መቀነሱ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በመቀስቀስ ነው። የመጀመሪያው የረዳው የአይጦቹን ልብ ነው፤ ሁለተኛው የታሰበው ለአንጎል ነው። በዚያ ላይ የሕንዱ ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ 158 ታማሚዎችን ብቻ ነው የያዘው። ኔሪኔታይድ የተባለ ሌላ ፔፕታይድ በ1,105 የስትሮክ ታማሚዎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ በጠቅላላው መድኃኒት ከሌለው መርፌ አልበለጠም። የአንጎል መከላከያ መድኃኒት ታሪክ በአይጥ ሠርቶ በሰው የከሸፈ ይበዛበታል።

ሕንድ ውስጥ ሶቫቴልታይድ የተሞከረው ስትሮኩ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ በደረሱ ሰዎች ላይ ነው። ከሳነቴ ማዶ ካለችው ደሎ መና ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚላክ ታማሚ ይህንኑ ሜዳ ያቋርጣል። ስለዚህ ከቤተሰብዎ የአንዱ ፊት በአንድ ወገን ከወደቀ፣ እጁ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ «ምች ነው፣ ያልፍለታል» ብለው አያሳድሩት፤ ያኔውኑ መኪና ይፈልጉ።