ዋስትናው ያለቀበት ጋሪ

"የዋስትና ጊዜው አልፎበታል።"

ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው ስልኩን ይዘጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ዘመዴ የሕፃን ጋሪዋ ማጠፊያ መንገድ ላይ፣ ልጁ እንደተቀመጠበት፣ ከዳት። ልጁ ደግነቱ ቀበቶ ታስሮ ነበርና ከድንጋጤ በቀር ምንም አልሆነም። ወደ አምራቹ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና የግዢውን ቀን ጠየቀቻት፣ ዓመቱ ማለፉን ነገረቻት፣ መልካም ቀን ተመኘችላት። ዘመዴም "በቃ፣ ካለፈ አለፈ" ብላ ተወችው። እኔን ያንገበገበኝ የጋሪው ዋጋ ሳይሆን ይኼ "በቃ" ማለቷ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘው የዋስትና ወረቀት አምራቹ በገዛ ፈቃዱ የገባት ቃል ናት። ሕግ የሚሰጠው ዋስትና ግን ሌላ ነው፤ ማንም ባይጽፈውም ይጸናል። ሜሪላንድ ውስጥ ነጋዴ ለቤተሰብ መገልገያ የሸጠው ዕቃ ለተሠራበት ሥራ ብቁ መሆን አለበት፤ ይህን ግዴታውን በደቃቅ ፊደል ጽፎ ሊሽረው አይችልም። ክስ ማቅረቢያው ጊዜ ደግሞ ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ 4 ዓመት ነው። እርግጥ ጋሪ 4 ዓመት ሙሉ እንደ አዲስ ይሂድ ማለት አይደለም። ጎማ ያልቃል፣ ጨርቅ ይቀደዳል። ልጅ ሊሸከም የተሠራ ነገር ልጅ እንደተሸከመ ሲታጠፍ ግን "ከመጀመሪያውም አሠራሩ ላይ ጉድለት ነበረው" ብሎ መከራከር ያስኬዳል። የሚገርመው፣ ያንኑ ጋሪ ፖቶማክን ተሻግራ አሌክሳንድሪያ ብትገዛው ኖሮ፣ አምራቹ በሕግ የሚመጣውንም ዋስትና በራሱ ወረቀት ልክ ሊያሳጥረው ይችል ነበር። በአንድ ወንዝ ማዶና ማዶ ሁለት ዓይነት መብት!

ለንደን ያላችሁ ደግሞ ከአምራቹ ጋር ስልክ ለስልክ ባትንከራተቱ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ የሚያፋጥጣችሁ ከሸጠላችሁ ሱቅ ጋር ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ጉድለት ከታየ ሲገዛም ነበረበት ተብሎ ይገመታል፤ ሌላ ነገር ነው የሚል ሻጭ ራሱ ያስረዳል። ከዚያ በኋላ የማስረዳቱ ሸክም የእናንተ ይሆናል እንጂ መብታችሁ አይሞትም፤ እስከ 6 ዓመት፣ ስኮትላንድ ከሆነ እስከ 5 ዓመት ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ስዊድን 3 ዓመት ነው። ሻጩ "አምራቹን ጠይቁ" ካላችሁ ከራሱ ላይ እያወረደ መሆኑን ዕወቁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገንዘብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ቺካጎ ውስጥ ዳኒ ካይሳር የሚባል ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሞግዚቱ ቤት በተጣጣፊ አልጋ ተኝቶ ሳለ የአልጋው ጠርዝ ታጥፎ አንገቱን ያዘው፤ ሞተ። አልጋው ከ5 ዓመት በፊት፣ በ1993፣ አደገኛ ነው ተብሎ ከገበያ እንዲሰበሰብ ጥሪ፣ ፈረንጆቹ ሪኮል የሚሉት፣ ወጥቶበት ነበር። ጥሪው ግን እዚያ ቤት አልደረሰም። ወላጆቹ ኀዘናቸውን ይዘው ዝም አላሉም፤ "ኪድስ ኢን ዴንጀር" የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የአሜሪካ የዕቃ ደኅንነት ሕግ ውስጥም በዳኒ ስም የሚጠራ ክፍል ገባ። ዛሬ አልጋ፣ ጋሪ ወይም የሕፃን መመገቢያ ወንበር ስትገዙ ቴምብር ሳይጠይቅ በፖስታ የሚሄድ የመመዝገቢያ ካርድ አብሮ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ካርዷ የማስታወቂያ ወረቀት ስለምትመስል ብዙ ሰው ከካርቶኑ ጋር ይጥላታል። ኩባንያው ግን ካርዷ ላይ በሞላችሁት ስምና አድራሻ ዕቃ እንዲያሻሽጥበት ሕጉ አይፈቅድለትም፤ ቢያንስ 6 ዓመት አስቀምጦ፣ ችግር ሲገኝ እንዲጠራችሁ ብቻ ነው።

ሪኮል የዋስትና ጊዜ አያውቅም። ቢሆንም ኩባንያዎች በዚያ ውስጥም ቀን መቁጠር ይወዳሉ። የፊሸር ፕራይስን "ሮክ ን ፕሌይ" አስታውሱ፤ ሕፃን ዘንበል ብሎ የሚተኛበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ የቀረበ። በሚያዝያ 2019 ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚሆነው እንዲሰበሰብ ሲባል፣ እዚያ ላይ ተኝተው ሞቱ ተብሎ ሪፖርት የተደረገባቸው ሕፃናት ከ30 በላይ ሆነው ነበር። ሙሉ ገንዘቡ የሚመለስለት ግን ዕቃው እጁ ከገባ 6 ወር ያላለፈው ሰው ብቻ ነበር። ለቆየበት ደግሞ የዚያኑ ኩባንያ ሌላ ዕቃ የሚገዛበት ቫውቸር። ይኼ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ነፍስ የሚያጠፋ ማስተኛ በሰባተኛው ወር አደጋው ይቀንሳል? ሰው ቤቱ ያለውን አደገኛ ዕቃ እንዲያወጣ ከፈለጋችሁ ደኅና ገንዘብ ክፈሉት እንጂ! በጥር 2023 ሪኮሉ ዳግመኛ ታወጀ። ያኔ በሪፖርት የታወቁት ሞቶች ወደ 100 ደርሰዋል፤ ቢያንስ 8ቱ ከመጀመሪያው ሪኮል በኋላ የሞቱ ናቸው። በመካከሉ፣ በ2022፣ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብል የሕፃን ማስተኛ ጨርሶ እንዲታገድ የሚያደርግ ሕግ ተፈርሟል።

እነዚያን የኋለኞቹን 8 ሳስብ ወደራሳችን ቤት እመጣለሁ። የዋስትና ወረቀቱም፣ የሪኮሉ ደብዳቤም የሚያውቁት የመጀመሪያውን ገዢ ነው። በኛ ዘንድ ግን የሕፃን ዕቃ አንድ ገዢ፣ አንድ ልጅ ብሎ ነገር የለውም። ለመጀመሪያው ልጅ ይገዛል፣ ለተከታዩ ይደርሳል፣ ቤተ ክርስቲያን ለተዋወቅናት አራስ ይሰጣል፣ ከዚያ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባና ቦሌ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ያድግበታል። ይህን ልማድ ክፉ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም፤ ስንቱን አራስ ቤት ከወጪ ያዳነ ነው። ብቻ አሜሪካ ውስጥ ሪኮል የተደረገበትን ዕቃ መሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ያንኑ ዕቃ ሳያየው ሻንጣ ውስጥ ሲከት ያው ክልከላ አብሮት እንደማይበር ልብ ይበል።

አገር ቤትስ? ሱቁ ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተለጥፏል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ከዚያ የተሻለ ዋስትና ወይም ሕግ ካለም እሱ እንደተጠበቀ ነው። የአልጋ ብሎን ለመላላት ከ15 ቀን በላይ ይፈጅበታል፣ እውነት ነው። ለዚህ ለዚህ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085 አለ፦ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ወጉ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። ካሳ መጠየቂያው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው።

ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ አምራቹ ቻይና ነው፤ ሻጩ ደግሞ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ብሎ ጠይቆን ያለ ደረሰኙ ስለሚረክስ እሱን መርጠናል። በዚያች ቅናሽ የሸጥነው ማስረጃችንን ነው። ደረሰኝ ከሌለ ከማን እንደገዛን ማስረዳት አበሳ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ያለውን አስመጪ መድረስማ ጭራሽ።

ለዘመዴ የነገርኳት ይኼን ነው፦ የተሰበረውን ጋሪ አትጣይው፣ ፎቶ አንሺው። ለሸጠልሽ ሱቅም ለአምራቹም በጽሑፍ ጠይቂ፤ ስልክ ላይ የተባለን ነገር ማስረዳት ያስቸግራል። እንቢ ካሉ የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ ተቀብሎ ያሸማግላል። ልጁ ባይጎዳም "ሴፈር ፕሮዳክትስ" በተባለው የፌዴራል መንግሥት ድረ ገጽ ላይ መዝግቢው፤ የሌላ እናት ጋሪም በዚያው ማጠፊያ ታጥፎ ሊሆን ይችላል።

ክረምት ላይ ለአራስ ዘመድ ዕቃ የምትልኩ ደግሞ፣ ከሥሩ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥርና የተሠራበትን ቀን አይታችሁ ሪኮል ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት፤ ፎቶውንም ለተቀባዩ ላኩለት። ልጥፉ የተላጠ፣ ብሎኑ የጎደለ አልጋ ከሆነ ሻንጣው ውስጥ ዳይፐር ሙሉበት።