ለአባዬ፣ ስለ ታሸገው ጁስ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

የጨንቻ ብርድ እንዳይጎዳህ ጋቢህን ከላይህ አታውርድ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሱቁም ይሠራል።

ታናሼ ደውሎ "የአባዬ ጠያቂ በዝቷል፤ ሁሉም ጁስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እሱም 'ስኳር ያልተጨመረበት' የሚለውን እየመረጠ ጠዋት ማታ ይጠጣል" ሲለኝ የስኳር ሕመምህን አስቤ ደነገጥኩ። ይህን በስልክ ተነጋግሮ መጨረስ አይቻልም። አንተ ደግሞ ዕድሜህን በሙሉ ያስተማርክ ሰው ነህ፤ የተጻፈ ነገር ደጋግመህ ታነባለህ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

አባዬ፣ ፋብሪካው ከላይ ስኳር ባይጨምርም የፍሬው የራሱ ስኳር ተጨምቆ እዚያው ካርቶን ውስጥ ነው ያለው። ፍሬውን አኝከህ ስትበላው አሰሩ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደምህ እንዳይገባ ያዘገየዋል፤ ጁስ ላይ ግን አብዛኛው አሰር ተጣርቶ ቀርቷል። አንድ ብርጭቆ ለመሙላትም ከአንድ በላይ ፍሬ ይጨመቃል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የጁስን ስኳር ሻይ ላይ ከምንጨምረው ስኳር ጋር አንድ አድርጎ የሚቆጥረው፤ ማርንም እንዲሁ። ጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። ሚስዮናውያን ያመጡት አፕል በየጓሮው በሚለቀምበት በጨንቻ የአፕል ጁስ በካርቶን ሲጠጣ ማሰቡ ያመኛል።

እባክህ ካርቶኑን ገልብጠህ ጀርባውን እይልኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈች ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። የስኳሩን መጠን ብዙ ጊዜ ለ100 ሚሊ ሊትር ነው የምትነግርህ፤ የአንተ ብርጭቆ ግን 250 ይይዛል። ስለዚህ ቁጥሩን በሁለት ተኩል አባዛው፤ የሒሳብ መምህር ይህ አይከብደውም። ለስላሳውም እንደዚያው ነው፤ አብዛኛው በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር ስላለው አንዱ ጠርሙስ ብቻ 30 ግራም ገደማ ይሆናል።

ሰው እነዚህን ቁጥሮች ለምን አያያቸውም ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ። ባንኮኒው ላይ ቆሜ ስሰማ የሚጠየቀው "ስንት ነው?" እና "ኤክስፓየር አላደረገም?" ነው። ቀኑን መጠየቃቸው ደስ ይለኛል፤ ግን ቀኑ ዕቃው እንዳልተበላሸ እንጂ ለአንተ እንደሚስማማ አይናገርም። አንዳንዱ "ይሄ ለነጋዴ የተጻፈ ነው" ይላል፤ ሌላው ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ይተወዋል። ሰው ማንበብ ስለማይችል ነው እንዳልል ደግሞ ጾም ሲገባ ሌላ ነገር አያለሁ። ሰሞኑን የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ ያን ጊዜ የብስኩቱን ማሸጊያ እያገላበጡ ከዚያ ሁሉ ደቃቅ ፊደል መካከል ወተትና እንቁላል ይኖር እንደሆነ የሚፈልጉ እናቶች ይመጣሉ። እንግሊዝኛ የማያነቡት ልጆቻቸውን ያስነብባሉ። ሙስሊም ደንበኞቼም የሐላል ምልክቱን ሳያዩ አይገዙም። ለእምነቱ የሚጠነቀቅ ሰው ጀርባውን ማንበብ ያውቅበታል። ለስኳርና ለደም ግፊትም እንዲሁ ብንጠነቀቅ ብዙ ቤት ይተርፍ ነበር።

ከፊት ለፊት የሚጻፈው ለመሸጥ የተመረጠ ነው። ዘይቱን ተመልከት፤ የልብ ሥዕል አድርገው "ኮሌስትሮል የሌለው" ይሉበታል። ኮሌስትሮል ከእንስሳ የሚገኝ ነው፤ ድሮም የእህልና የፍሬ ዘይት ላይ የለም ማለት ይቻላል። ሊነግሩን የሚገባው ስለሚረጋው ስብ ነበር፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ሲቀላ ሙቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጀሪካን እናንተ ጋ ብርዱ ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚረጋ እማዬ ጠይቃኝ ነበር፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለአንተ የሚሆነው የኑግ ወይም የሱፍ ነው፤ እሱም በልኩ።

ሁሉም ጽሑፍ ያታልላል እያልኩህ አይደለም። ጨው ላይ "አዮዲን ያለው" የሚለው ከባድ ቁም ነገር ነው፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ደንብ የተደነገገ ነው። በደጋው ስንት ሰው አንገቱ ላይ እንቅርት ይዞ ይኖር እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንተ ታስታውሳለህ። አዮዲን አለው ማለት ግን እንደልብ ይበላል ማለት አይደለም፤ ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም።

ይበልጥ የምፈራልህ ሀለኮውን (ሽፈራውን) ነው። እዚህ አርባ ምንጭ ቅጠሉን አድርቀውና ፈጭተው በፌስታል ይሸጡታል፤ አንዳንዱ ላይ "ስኳርን ይፈውሳል፣ ደም ግፊትን ያጠፋል" ተብሎ ተጽፏል። ሀለኮ ከልጅነታችን ጀምሮ ያደግንበት ጥሩ ጎመን ነው፤ በምግባችን በኩርኩፋ ብላው፣ እኔም እልክልሃለሁ። ስኳርን ፈውሷል የሚባልበት ማስረጃ ግን የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አሳሳች ገላጭ ጽሑፍን ይከለክላል፤ ፌስታሉ ግን ገበያ ላይ አለ። እሱን ጠጣሁ ብለህ የስኳር መድኃኒትህን ሜትፎርሚንን አንድ ቀን እንዳታቋርጥብኝ፤ ስለ እግዚአብሔር።

ማሸጊያ ላይ ስለሚጻፈው ካነሣሁ አይቀር፣ ቺሊ የምትባለው የደቡብ አሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም የሚረጋ ስብ የበዛበት ምግብ ፊቱ ላይ በትልቁ ጥቁር ምልክት እንዲደረግበት አስገድዳለች። ገዢው ማባዛትም ማካፈልም ሳያስፈልገው ከሩቅ ያያል። እኛም አገር በአማርኛና በየቋንቋችን እንዲህ ቢደረግ ምኞቴ ነው፤ የአንተ ቢጤ ሕመምተኛ በየሱቁ መምህር ይዞ መዞር የለበትም።

ጠያቂዎችህ ፍቅር ይዘው ነውና የሚመጡት፣ ያመጡትን አትመልስባቸው። ጁሱ ቤት ላሉት ልጆችም በየቀኑ እንዳይሰጥ ለእማዬ ንገራት። አንድ ካርቶን ብቻ አልጋህ አጠገብ ይቀመጥ፤ ስኳርህ ወርዶ ሲያልብህና ሲያንቀጠቅጥህ ያኔ ይጠቅምሃል፤ መጠኑን ሐኪምህን ጠይቀው። ደቃቁ ፊደል ከበፊቱ የበለጠ ካስቸገረህ ደግሞ የመነጽር ጉዳይ ነው ብለህ አትተወው፤ ስኳር ዓይንን ስለሚነካ መታየት አለብህ። ቅዳሜ ወደዚህ ውረድና አብረን ሆስፒታል እንሂድ፤ ሱቁን እዘጋለሁ።

እማዬን ሳምልኝ።

የምትወድህ ልጅህ