በሕይወት ላለ ልጅ አይለቀስም

እኛ ለቅሶ እንችልበታለን። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛዋን ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዋን የሚተዋት የለም። ልጇ ታሞባት ዓመት ከዓመት ሆስፒታል ለምትመላለስ እናትስ? ለሷ ያለን አንድ ኪሎ ብርቱካንና «አይዞሽ፣ በርቺ» ነው።

ዓመት ከዓመት ያልነው ለማጋነን አይደለም። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። እትዬ የምንላቸው የሰፈራችን ሴት የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መመላለስ ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ልንጠይቃቸው እንሄዳለን።

«እትዬ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ዛሬ እኮ ሁለት ጉርሻ በላ!»

ደግመን ብንጠይቅ «ትኩሳቱም በርዶለታል» ነው መልሳቸው። ስለ ራሳቸው አንድም ቀን መልስ አግኝተን አናውቅም።

ስንወጣ «እንዴት ያሉ ጀግና ናቸው!» እንባባላለን። ይቺ «ጀግና» የምትባል ነገር ግን እያደር አሳሰበችን። ጀግና ደክሞኛል አይልማ! አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ዕንባቸው ሲመጣ ያየች ጠያቂ ምን አለቻቸው መሰላችሁ? «ተዪ እንጂ፣ ሟርት ነው! በሕይወት ላለ ልጅ አይለቀስም!» ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና ፈገግ አሉ። (ፈገግታው ለሷ ነው፣ እንዳታፍር።) እና እናት መቼ ታልቅስ?

እንዳየነው ከሆነ እትዬን ያቆማቸው የኛ ምክር አይደለም። ጎናቸው ካለው አልጋ ልጇን የምታስታምም አንዲት የወሎ እናት አለች። እሷ ስታሸልብ እሳቸው የሁለቱንም ልጆች ግሉኮስ ያያሉ፤ እሳቸው ሲያሸልቡ እሷ። ሲያለቅሱም ኮሪደር ወጥተው አብረው ነው።

ይህ ነገር ቀድሞ የገባቸው ወላጆች ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙን ያገኘው በደም ካንሰር ካረፈ ሕፃን ነው። ተስፋ አዲስንም ያቋቋሙት ልጆቻቸው በካንሰር የታመሙባቸው ወላጆች ናቸው፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎቻቸው ማረፊያ ይሰጣል።

እኛም ባለፈው ቅዳሜ ብርቱካኑን ትተን ተራ ገባን። ሁለታችን ልጁ ጋ ልንቆይ፣ እትዬ ቤታቸው ሄደው ገላቸውን ታጥበው ሊተኙ። አልሄድም ብለው ግማሽ ሰዓት አከራከሩን። ከሄዱም በኋላ በየአስር ደቂቃው እየደወሉ «ውኃ ጠጣ? ሙቀቱን ለኩት?» ሲሉ ቆዩ። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።