ከተራዊሕ በኋላ አንድ ሳህን ሙሸበክ



በዚህ እትም ስለ አንዲት ትንሽ ጣፋጭ ቤት ልንጽፍ ነው። ርዕሱ ለጀመዓ ጋዜጣ ቀለል ያለ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ረመዷን ሙሉ እዚያች ቤት የተማርነው ነገር አለ፤ ጥፋታችንም ስላለበት ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

እኛ በአንድ ዶርም የምንኖር የዋግ ኽምራ ልጆች ነን፤ አብዛኞቻችን ከደሃና ነን። ያደግነው ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እየተመላለስን ነው። እኛ አምደወርቅ ሳለን ጣፋጭ ማለት ሻይ ቤት የሚሸጥ ፓስቲ፣ ሲገኝ ደግሞ ማር ነበር። ሙሸበክን ያወቅነው ኢንጂነሪንግ ልንማር ኮምቦልቻ ስንመጣ ነው።

ቤቷ ከመስጊድ ወደ ግቢ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ያላት ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በሯ ላይ ደግሞ የከሰል ምድጃና ሰፊ መጥበሻ ነው። ባለቤቷን እትዬ እንላቸዋለን። ቀጭኑን ሊጥ ቀዳዳ ባለው ዕቃ እያዞሩ ወደ ጋለው ዘይት ያፈሱታል፤ መረብ መስሎ ሲጠበስ አውጥተው ሽሮፕ ውስጥ ይነክሩታል። አንድ ማታ የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ሽሮፑ ላይ ሎሚ የሚጨምሩት ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው። «ሎሚ ከሌለው ድንጋይ ይሆናላ!» አሉት። በክፍል የተማርነውም ያንኑ ነው፤ አሲዱ ከስኳሩ ጥቂቱን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሚከፍለው ሽሮፑ በቀላሉ ተመልሶ አይጠጥርም። ከዚያ ማታ ወዲህ እትዬን እንደ መምህር ማየት ጀመርን።

የምንነግራችሁ የ2016ቱን ረመዷን ነው። ያን ዓመት የእኛ ረመዷንና የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2 ገቡ። ዶርማችን ውስጥ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አብሮን የተማረ አንድ ክርስቲያን የደሃና ልጅ አለ። እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፣ እኛ እስከ መግሪብ። በአገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን ሥጋ አብሮ አይበላም፤ ለሠርግም ለድግስም ለየብቻ ይታረዳል። በጾሙ ደግሞ ለእሱ ወተትና እንቁላልም የለም። ሙሸበክ ግን ዱቄት፣ እርሾ፣ ዘይትና ስኳር ነው፤ ለእኛ ሐላል፣ ለእሱ የጾም። ስለዚህ ተራዊሕ ሰግደን ስንወጣ መንገድ ላይ ይጠብቀንና አብረን እንሄዳለን። ኽምጥኛ የሚችሉት በኽምጥኛ ሲቀልዱ እትዬ ምንም ሳይገባቸው አብረውን ይስቃሉ።

ረመዷኑ ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ልጁ መምጣቱን አቆመ። መጀመሪያ «ፈተና አለብኝ» አለ፤ በማግስቱ «ሆዴን አሞኛል» አለ። በሦስተኛው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዚያ በኋላ እኛም መጥራቱን ተውን።

ሳህኑን ከበን ስንቀመጥ ወሬው ተጀመረ። አንዳችን «ከሙስሊም ጋር አትብላ ያሉት ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም» አለ። ሌላችን «አገር ሲረበሽ ሰውም ይለወጣል» ብሎ ጨመረበት። ማን እንደ ጀመረው አሁን መለየቱ አይጠቅምም፤ ሁላችንም ሰምተናል፣ ማናችንም «ተዉ» አላልንም። ቀኑን ሙሉ ከምግብና ከውኃ ጠብቀን ያዋልነውን አፍ ማታ ማታ በሐሜት እናፈጥረው ነበር።

እውነቱን የነገሩን እትዬ ናቸው። «ያ ልጅ ትናንት ከሰዓት መጥቶ ነበር። ‹ዕቃ የሚያጥብ ሰው ትፈልጊያለሽ ወይ? ለቤተሰብ የምልከው ፈልጌ ነው› አለኝ። እናንተ አታውቁም እንዴ?» አሉን።

አናውቅም ነበር። በ2015 ክረምት ዝናቡ ስላልበቃ በዚያ ዓመት ዋግ ኽምራ ድርቅ ላይ ነበረች። አባቱ አንዱን በሬ ሸጠው ሁለተኛውን ለገበያ እያዘጋጁ ነበር። ልጁ ለሙሸበክ ያዋጣት የነበረችውን ሳይቀር እያጠራቀመ በቴሌብር ወደ ቤት ይልካል።

ያፈርነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስለ ወንድማችን ክፉ መጠርጠራችን ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያሳምማል፤ ድርቁ የእኛም ቤት ድርቅ ነበር። እኛም ቤት ስንደውል እናቶቻችን «አብሽሩ፣ ደህና ነን፣ ጾማችሁን ጹሙ» ይሉናል። እኛም አመንናቸው። ያመንናቸው ማመኑ ስለ ተመቸን ነው። እሱ ግን ከእናቱ ድምፅ የተደበቀውን ሰምቶ ነበር።

ያን ማታ ዶርም ገብተን ተከራከርን። አንዳችን «ያላወቀውን ነግረን አናስቀይመው፣ ዱዓ እናድርግለት» አለ፤ ይህን የሚሉ ዑለሞችም እንዳሉ መድረሳ ተምረናል። ነገር ግን አብረን የምናድር ሰዎች ነን፤ ዓይኑን እያየን ዝም ማለት አልቻልንም። ነገርነውና «አውፍ በለን» አልነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም ሳትጠሩኝ ስትሄዱ ሌላ ነገር አስቤ ነበር» አለ። በእሱም ልብ ያው ጥርጣሬ እየበቀለ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ እትዬ ዘንድ ሄደን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደምንመጣ፣ የቀረውን ገንዘብ ግን በየቤታችን ልንልክ እንደ ተስማማን ነገርናቸው። «ልጆቼ፣ ሳህን ቀንሱ፤ ሰው ግን አትቀንሱ» አሉን። ልጁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ እንዲያጥብላቸው ተቀበሉት።

ዒድ ረቡዕ ሚያዝያ 2 ዋለ። ቀን ሥጋችንን በላን። የእሱ ጾም ግን ገና ሦስት ሳምንት ከምናምን ይቀረው ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነው። ስለዚህ የዒዳችንን ማታ ወደ እትዬ ቤት ሄደን አንድ ሳህን ሙሸበክ አብረን በላን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከማዕዳችሁ የጠፋ ሰው ካለ ስለ እሱ ከማውራታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት። ዛሬ ማታም ወደ ቤት ስትደውሉ «ደህና ነን» ሲሏችሁ ቶሎ አትዝጉ፤ አንዴ ደግማችሁ ጠይቁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።