ረዳት አብራሪ ለምትሆነው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ሥልጠናሽን ጨርሰሽ በረዳት አብራሪነት ልትመደቢ መሆኑን ከሰማን ወዲህ እናትሽ ደስታዋን ለጎረቤት ስታካፍል ነው የምትውለው። እኔ ደግሞ በስልክ ለማስረዳት የማይመቸኝ ነገር ስላለ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ከልጅነትሽ ጀምሮ ዝምተኛ ነሽ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍረሽ ፌርማታሽን አልፈሽ በእግርሽ ትመለሺ ነበር። ጨዋነትሽን እንወደዋለን፤ ለውጪው አልልሽም። ኮክፒት ውስጥ ግን ሳይነገር የቀረ ነገር በእግር ተመልሰው የሚያስተካክሉት አይደለም።

እኛ የአውሮፕላን ቴክኒሺያኖች ሃንጋር ውስጥ ስንሠራ ስለ ሰው ስህተት የሚያስተምር የሂዩማን ፋክተርስ ሥልጠና እንወስድ ነበር። ካናዳዊው ጎርደን ዱፖንት በ1993 (እ.ኤ.አ.) የጥገና ሠራተኛን ለስህተት የሚዳርጉ አሥራ ሁለት ነገሮችን ሲዘረዝር፣ ያዩትን ችግር ደፍሮ አለመናገርን ከድካምና ከሥራ ጫና እኩል ነው ያስቀመጠው። ደፍሮ መናገር በከፊል አብሮን የሚወለድ ባሕርይ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ፖል ኮስታና ሮበርት መክሬ በ1992 ባሳተሙት የባሕርይ መለኪያ ከተጫዋችነት ለይተው፣ ለብቻው ይለኩታል። ቁጣና ተከራካሪነት ደግሞ ጭራሽ በሌሎች ዘርፎች ነው የሚመደቡት። ስለዚህ ዝምተኛ መሆንሽ አያግድሽም፤ ኃይለኛ መሆንም አይጠበቅብሽም።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ 52 ኒው ዮርክ ለማረፍ ተራ ሲጠብቅ ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ዞረ። አንዴ ለማረፍ ሞክሮ ሳይሳካለት ተመለሰ። ካፒቴኑ ረዳቱን ኢመርጀንሲ ላይ መሆናችንን ንገራቸው አለው። ረዳቱ ነዳጅ እያለቀብን ነው አለ እንጂ ያቺን ቃል ለተቆጣጣሪዎቹ አልተናገራትም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወስጄ ልመልሳችሁ ነው፣ ነዳጃችሁ ይፈቅዳል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ይመስለኛል ብሎ አመሰገነ። ቦይንግ 707ቱ ነዳጁን ጨርሶ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ፤ ከ158 ሰው 73ቱ ሞቱ። የአደጋው መንስኤ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ጥፋቱን በዚያ ወጣት ላይ አልጭንም። ግን ያንን ምስጋና ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ጠግበን ሳለ «በሞቴ» ሲሉን የምንጎርስ ሰዎች ነን፤ እንዲህ ያለው መልስ ለእኛ አፍ ሩቅ አይደለም።

ከዚያ በፊት፣ በ1978 ዲሴምበር፣ የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8 አውሮፕላን አሜሪካ ውስጥ ፖርትላንድ አጠገብ ካፒቴኑ በላንዲንግ ጊር ችግር ተጠምዶ ሳለ ነዳጁ አልቆ ወድቆ 10 ሰው ሞቷል። ባልደረቦቹ ስለ ነዳጁ አንስተውለት ነበር፤ አጥብቀው ግን አልያዙትም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ረዳቶች ደፍረው መናገርን እንዲሠለጥኑ ያሳሰበው ከዚህ በኋላ ነው። የሚሠለጥኑት ነገር መሆኑ ስላንቺ ያጽናናኛል።

አነጋገሩን በሥልጠናሽ ተምረሽዋል፤ ቢሆንም ልድገመው። ካፒቴኑን በማዕረጉ ጥሪው። ያሳሰበሽን ንገሪው። ያየሽውን በቁጥር አስቀምጪ፤ ነዳጁ ያነሰ ይመስለኛል ሳይሆን ስንት ኪሎ እንደቀረና ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ። ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጨምሪ። መስማማቱን ከአፉ ሳትሰሚ አትተዪው። «እርስዎ» እያልሽ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ ይህን ሁሉ ማለት ይቻላል። ክፍልሽን ዘግተሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው፤ ጭንቅ ሲመጣ አፍ የሚያወጣው የለመደውን ነው።

ካፒቴኑ ቢኮሳተርስ? ይኮሳተር። ካረፋችሁ በኋላ ቡና ጋብዢው።

የቦርዱ ማሳሰቢያ ለካፒቴኖችም ነበር፤ የባልደረቦቻቸውን ሐሳብ እየጠየቁ መምራትን እንዲማሩ። እግዚአብሔር ፈቅዶ በግራው የካፒቴን ወንበር ስትቀመጪ፣ በቀኝሽ ሊናገር አስቦ ቃሉን የሚውጥ ልጅ ይገጥምሻል። ቀድመሽ ጠይቂው፤ የተናገረው ስህተት ቢሆን እንኳ ስለተናገረ አመስግኚው።

እመብርሃን ትከተልሽ።

አባትሽ